ለተማሪዎቻችን ስንል፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ወላጆች፣ አከራዮችና ጎረቤቶች ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ከጽሕፈት ቤት የወጣ አይደለም፤ ማኅተምም የደብዳቤ ቁጥርም የለውም። በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ለጎረቤቱ የሚለው ነው። የምንለውም ለእናትና ለአባት ብቻ አይደለም። የልጅ ልጅ ለምታሳድግ አያት፣ ታናናሾቹን ሰብስቦ ለያዘ ወንድም፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ለተከራየ ተማሪ ደጃፏን ለከፈተች እናትም ጭምር ነው።

ለልጁ ክፉ የሚያስብ በመካከላችን የለም። ጉድለታችን ሌላ ነው፤ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን ልረዳው?» እያልን ሁሉንም ነገር ለመምህሩ መተዋችን ነው። መምህሩ ልጁን የሚያገኘው ከቀኑ እኩሌታውን ነው፤ ያውም ከብዙ ልጆች ጋር። የቀረው እኩሌታ እኛ ዘንድ ነው ያለው።

ተማሪን መደገፍ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አባ ከየአገሩ የመጣውን የቆሎ ተማሪ የመገበው የጋይንት ገበሬ ነው። ገበሬው ድጓውን አያውቀውም ነበር፤ ቁራሽ መስጠትና ማደሪያ መፍቀድ ግን አልተሳነውም። በጉባኤ ቤቱም የኔታ ብቻቸውን አይለፉም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ዛሬ ለአስኳላው ልጅ የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንነጋገር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጣል። በመላ ሀገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ከመቶው ልጅ ዘጠና ምናምኑ ሰነፍ ነው የሚል ካለ እኛ አንቀበለውም። በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ትምህርት ሲጀመር አዲሱ መጽሐፍ በየልጁ እጅ አልገባም ነበር። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ዛሬም ደብተር የያዘ ልጅ ምስጋና ነው የሚገባው። ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ነገሮች ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ አይደሉም።

ቤት ውስጥ

እናድርግ፦

— ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ «ዛሬ ምን ተማርሽ? እስቲ ንገሪኝ» እንበል፤ የተማረችውን በራሷ አፍ መልሳ ያወራች ልጅ ቶሎ አትረሳውም።

— ደብተሩን ገልጠን እንይ፤ የሚያይለት ሰው እንዳለ ያወቀ ልጅ ገጽ አይዘልም።

— ለጥናት የታወቀ ሰዓት እንስጥ፤ ውኃውም እንጨቱም ከዚያ በፊት ይለቅ፤ ሲሮጥ ውሎ በእንቅልፍ ዓይን የተነበበ ነገር አይያዝም።

— አቅም ከፈቀደ ከኩራዝ ይልቅ ትንሽ የሶላር መብራት እንግዛ፤ የላምባው ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ የላምባው ወጪም ቢደመር ቀላል አይደለም።

— ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ይውጣ፤ ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፣ የአንዱ ልጅ የዓይን ሕመም ለጓደኞቹም ይተርፋል።

— ሰሌዳው አይታየኝም ካለ፣ ወይም ስንጠራው ቶሎ የማይሰማ ከሆነ፣ ለመምህሩ ነግረን ፊት ወንበር እንዲቀመጥ እናድርግ፣ ወደ ጤና ጣቢያም እንውሰደው፤ ሰነፍ የተባለው ስንቱ ልጅ ማየት ወይም መስማት የተቸገረ ነው።

— በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አያቶች በየመንደሩ አሉ፤ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስበው እንዲያስነብቡ እንለምናቸው፣ ለእነሱም ደስታ ነው።

ደብተር ስለማየት ትንሽ እንጨምር፤ ብዙዎቻችን «ማንበብ ሳልችል ምን አያለሁ?» እንላለንና። ብዙ ነገር ይታያል። ባዶ ገጽና የተጻፈበት ገጽ ይለያል። የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ይታያል፤ ራይት የበዛበትና ኤክስ የበዛበት ገጽ ለማንም ግልጽ ነው። ቀዩ እስክሪብቶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ካልታየ ወይ ልጁ ክፍል አልገባም፣ ወይ ደብተሩ አልታረመም፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት ሄዶ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። ልጁንም «ይህን ኤክስ ያገኘኸው በምን ነው?» ብንለው መልሱ ባይገባን እንኳ ሲያስረዳን ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

እንተው፦

— «ደደብ» አንበል፤ ልጅ ከወላጁ አፍ የወጣውን ቃል ያምናል።

— «የእገሌ ልጅ አንደኛ ወጣ» እያልን አናወዳድር፤ ጓደኛሞችን እናቃቅራለን፣ አብረው ማጥናታቸውም ይቀራል።

— ካርድ በመጣ ቀን ዱላ አናንሣ፤ የተደበደበ ልጅ በሚቀጥለው ካርዱን ይደብቃል እንጂ አይጎብዝም።

— የቤት ሥራውን ታላቁ ሠርቶ አይስጠው፤ መምህሩ ልጁ የገባው እየመሰለው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።

— ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ልጅ ካለን «ምን ይሆናል» ብለን ቤት አናስቀምጠው፤ እንደ ማንኛውም ልጅ የመማር መብት አለው፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ስሙ ካልደረሰው ሊያስብለት አይችልም።

የስንቅ ተማሪዎቻችን

ከሁሉም በላይ ልንነጋገርበት የሚገባን ይህ ነው። ከቆላ ቀበሌዎች፣ ከበሺሎ ዳርቻ፣ ከጉና ሥር ከሚገኙ መንደሮች ተነሥተው በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉን። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይወጣሉ፣ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ማዳበሪያው ውስጥ እንጀራ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ አለ፤ ከተገኘም ቆሎ ወይም በሶ። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ፍራሹም መደቡም አንድ ነው። እስከ ረቡዕ እንጀራው ይበቃል። ሐሙስና ዓርብን በድርቆሽ ፍርፍር የሚያልፍ አለ፤ ሳይበላ ክፍል የሚገባም አለ፤ ግን አይናገርም።

እዚህ ላይ አሳዳጊው ማን ነው? እናቱ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ነው ያለችው። ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ግቢ የምታድረው አከራይ ናት። ይህን ኃላፊነት ማንም በደብዳቤ አልሰጣትም፤ ግን እሷ ዘንድ ደርሷል። ብዙዎቹ አከራዮቻችን ይህን ያውቁታል፤ «እትዬ፣ ነገ ፈተና አለብኝ፤ መብራቱን ትንሽ ላቆየው?» ሲላቸው «አቆየው ልጄ፣ ዓይንህን ብቻ አደራ» የሚሉ ናቸው። ይህ ቃል ለሁሉም ተማሪ እንዲደርስ ነው ልመናችን።

አከራዮች እናድርግ፦

— ልጁ ሲገባ የወላጁን ወይም የቀበሌውን ሰው ስልክ እንያዝ፤ ልጅ ታሞ ማንን እንደምንጠራ ያጣንበት ሌሊት አይምጣ።

— ሐሙስ ሐሙስ ማዕድ ስናቀርብ የግቢውን ተማሪ እንጥራ፤ አንድ እንጀራ ልጁን ዓርብ ትምህርት ላይ ያውለዋል።

— ልጁ ሁለት ቀን ክፍል ሳይገባ ከዋለ ለትምህርት ቤቱ እንንገር፤ ማቋረጥ የሚጀመረው እንዲህ ባለ ዝምታ ነው።

— ለሴት ተማሪዎች በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን፤ በስጋት የምታድር ልጅ አታጠናም።

እንተው፦

— በዓመቱ መካከል ክራይ አንጨምር፤ ለስንቅ እንጂ ለጭማሪ የያዙት ገንዘብ የላቸውም፣ የሚወጡበትም ቦታ የላቸውም።

— መብራት በአምፖል እየቆጠርን አናስከፍል፣ በጊዜም አናጥፋባቸው፤ የአንድ አምፖል ፍጆታ እኛን አያደኸይም፣ እነሱን ግን ከፈተና ያስቀራል።

— የተከራየችን ልጅ ውኃ ቅጂ፣ ጥጥ ፍተዪ፣ ልጅ ያዢ አንበል፤ የመጣችው ተማሪ ሆና ነው፣ እናቷም አምና ነው የላከቻት።

— ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው እንዲተኙ ፈጽሞ አንፍቀድ፤ የነፋስ መውጫ ብርድ ቢከብድም የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ልጅ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ይህን ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን እንንገር።

ወላጆችም አንድ ነገር እናድርግ፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እንኳ ለገበያ ስንወጣ የተከራዩበትን ቤት በዓይናችን እንየው። ስንቅ በሰው ላክን ማለት ልጁን አየን ማለት አይደለም። ጎረቤታሞች ደግሞ ስንቅ ማመላለሱን በተራ ማድረግ እንችላለን፤ አንድ አህያ የአራት ልጅ ስንቅ ትሸከማለች፣ ልጆቹም ቅዳሜና እሑድን ለጥናት ያተርፋሉ።

ሴቶች ልጆቻችን

ጥር የሠርግ ወር ነው። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፈተናም ጥር ላይ ነው። ስንት ልጅ ከፈተና ወንበሯ ተነሥታ ጫጉላ ገብታለች፤ የምናውቀው ነው። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ እኛ ግን ሕጉን ከመፍራት በፊት የልጅቷን ወገብ እንፍራላት እንላለን፤ ሰውነቷ ሳይጠና የወለደች ልጅ በፌስቱላ ዕድሜ ልክ የምትሠቃይበት አገር ነው።

— «ጠያቂ መጣ» ሲባል ዕድሜዋንና ክፍሏን እናስቀድም፤ አማች ሌላ ጊዜ ይገኛል፣ ያለፈ የትምህርት ዘመን ግን አይመለስም።

— በወር አበባዋ ጊዜ ከትምህርት እንዳትቀር ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅና ሳሙና ከስንቋ ጋር እንያዝላት፤ በወር ሦስት ቀን መቅረት በዓመት ሲደመር ብዙ ነው። አባቶችም ይህን ለመግዛት አንፈር።

— ልጅቷ ለጋብቻ መታጨቷን የሰማ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የክፍል ጓደኛ ሲናገር «ነገር አመላላሽ» አንበለው፤ እሱ ባይናገር የሚናገርላት የለም።

— ከወንድሟ እኩል የጥናት ሰዓት ትኑራት። እሱ ሲያጠና እሷ እንጀራ ስትጋግር ካመሸች በፈተናው እኩል ሊሆኑ አይችሉም።

አዝመራና ሥራ

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ የክፍሉ ወንበር ይሳሳል። ድህነታችንን እናውቀዋለን፤ «ልጅ አይሥራ» የሚል ገበሬ የለም፣ እኛም አንልም። ግን ወንፈልና ደቦ ያለው ሕዝብ ነን። የተማሪ አባት አጨዳ ቅዳሜ እንዲሆን ጎረቤት ቢስማማ ልጁ ሰኞ ክፍል ይገኛል። የሴፍቲኔት ልማት ሥራ ሲጠራም ልጅን በእኛ ፈንታ አንላክ፤ ስንፍና ባይሆን እንኳ ስንፍና ያስመስላል፣ ልጁም ከትምህርቱ ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወስደው መንገድ ነው። ክረምት ላይ ለአረም ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረደ ልጅ አጨዳውንም ልጨርስ ብሎ መስከረምን ያሳልፋል፣ ኅዳር ላይ ወባ ይዞት ይመለሳል፣ ወይም አይመለስም። መሄዱ ግድ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ይመዝገብ፣ የመመለሻውም ቀን አብረውት ከሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች ጋር ይቆረጥ።

መጽሐፍና ስልክ

የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በፒዲኤፍ በነፃ ይገኛሉ፤ በቴሌግራምም ይዞራሉ። ኔትወርክ ያለበት ቦታ የሚደርስ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደ ለመንደሩ ሁሉ በሚሞሪ ካርድ ማካፈል ይችላል።

— አንድ የታተመ መጽሐፍ ለሦስት ልጆች ከደረሰ የሦስቱ ወላጆች ተነጋግረን በቀን እናዟዙረው፤ አንዱ ቤት የተቆለፈ መጽሐፍ ሁለት ልጅ ያስቀራል።

— መጽሐፉን በላስቲክ እንሸፍን፣ ዓመቱ ሲያልቅም እንመልስ፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጅ እየጠበቀው ነው።

— ለልጁ ስልክ ከሰጠን ሰዓቱን እንወስን፤ መጽሐፍ የከፈተ ስልክና ቲክቶክ የከፈተ ስልክ ከሩቅ አይለይም።

— «የፈተና መልስ አለኝ» ለሚል ማንም አንድ ብር አንስጥ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ መላው የሀገሪቱ ተማሪ እንደ አዲስ ተቀምጧል፤ የጥቂቶች ብልጠት የሁሉንም ልፋት ነው የበላው።

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ሁላችንም አዲስ አበባ እንዳለው አብርሆት ያለ ሕንፃ ይታየናል፤ ከዚያም «እኛ የት አግኝተን» ብለን እንተወዋለን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባለ ሰው ግን በሐዋሳ ለልጆች መጽሐፍ ያደረሰው በአህያ በሚጎተት ጋሪ ነበር። አህያ እኛ ዘንድ አልጠፋም። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ቁልፍ የያዘ ኃላፊና አንድ የውሰት መዝገብ በትምህርት ቤቱ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ቢኖር ይበቃል።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢያችን ልጆች፣ ለምትልኩት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። ማንም የማያነበው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በካርቶን መጥቶ መጋዘን ሲሞላ እናዝናለን፤ የ9ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላትና የሶላር መብራት ቢመጣ ግን በሳምንቱ እጅ በእጅ ያልቃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ክረምት ስትመጡ በሳምንት ሁለት ጠዋት እንግሊዝኛና ሒሳብ አስጠኑልን፤ ዛሬ እናንተ የደረሳችሁበት ሊደርስ የሚመኝ ልጅ ከመምህሩ ይልቅ እናንተን ይሰማል።

አቋርጠው ለተመለሱ

አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት 6ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ እናያለን። እሱ አይደለም የዘገየው፤ ትምህርት ቤቱ ነው ተዘግቶበት የከረመው።

— «ሽማግሌው ተማሪ» ብለን አንሳቅበት፤ አንድ ቀን የተሳቀበት ልጅ ነገ ላይመጣ ይችላል።

— በመንገዱ ላይ ስጋት ካለ ልጆቹ ተጠባብቀው በቡድን ይሂዱ፤ ብቻውን የሚሄደውን ማንም አያየውም።

— ትምህርት ቤቱ፣ ወንበሩ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የማንም ወገን አይደለም፤ አንንካው፣ የሚነካውንም በሽምግልና እንለምን፤ የፈረሰውን የሚያሠራው ከእኛው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

— ተኩስና ሞት ያየ ልጅ ቢደነግጥ፣ ቢቆጣ ወይም ዝም ቢል «ጠባዩ ተበላሸ» አንበል፤ ቀስ ብለን እናናግረው፣ ለመምህሩም እንንገር፣ ሌሊት የሚያባንነው ከሆነ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ጸበል የምንወስደውም ብንሆን ሁለቱ አይጣሉም።

— ትምህርት በተዘጋበት መንደር የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ታናናሾቹን በአንድ ግቢ ሰብስበው ያስነብቡ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፊደል ረስተው አይጀምሩም።

ሰኔ ሲደርስ

ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ በዋዜማው ከብት አይጠብቅ፤ አብልተነው በጊዜ ይተኛ። ጎረቤትም ለዚያ ሰሞን የቴፑን ድምፅ ይቀንስ።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፣ ቀናትም እዚያው ያድራል። ለብዙዎቹ ከወረዳቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። የመፈተኛ ካርዱንና መታወቂያውን ከመነሣቱ በፊት አብረን እንይ። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ እርሳስና ላጲስ እንያዝለት። ቆሎና በሶ ቢጨመርለት አይከፋም። ስልኩን ቤት ይተው፤ ግቢ ውስጥ ስልክ የተገኘበት ተማሪ ከፈተና ይታገዳል፣ ሲፈተሽም ጓደኞቹን ያስጠረጥራል። የመኪናውን ገንዘብ በሁለት ኪስ ከፍለን እንስጠው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይመለሳል።